ወንፊት ቁጥር ዘጠኝ

ወንድሜ ስልክ የሚያወራው መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ነው። ውሃው ድምፁን የሚሸፍንለት ይመስለዋል። የመታጠቢያ ቤቱና የወጥ ቤቱ ግድግዳ አንድ ስለሆነ፣ ግድግዳውም ከተሠራ ጀምሮ ስንጥቅ ስላለው፣ ወጥ ቤት የቆመ ሰው ውሃውንም እሱንም እኩል ይሰማል። በዚያን ቀን ጠዋት እኔ ዳቦ እየቆረጥኩ፣ እናታችን ከጎኔ የትናንቱን ድስት እየፈተገች፣ የወንድሜ፣ የዶክተሩ፣ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። "ወንፊቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጄ ነው ያዘጋጀሁት" አለ። ከወዲያ ያለው ሰው አንድ ነገር ጠየቀው መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ "ረዳቷ? አይ፣ እሷን እንኳ ይርሷት። እሷ ዕቃ አጣቢ ናት" አለ።

ረዳቷ እኔ ነኝ። እህቱም እኔ ነኝ፤ ይህን ሁለተኛውን ግን ከእኛ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናታችን ሰምታለች። መስማቷን ያወቅኩት የድስቱ ድምፅ ለአፍታ ቀጥ ስላለ ነው። ዞር ብላ አላየችኝም። ከወተት ዱቄት ቆርቆሮዋ ውስጥ በሁለት ጣቷ አመድ ቆንጠር አድርጋ ድስቱ ላይ ነሰነሰችና፣ "ሳሙና ደግሞ እንደገና ጨመረ አሉ" አለች። እኔም "ጨመረ እንዴ?" አልኩ። በቤታችን ከባድ ነገር ሲመጣ የምንሸሸው ወደ ገበያ ዋጋ ነው፤ አባቴ የሞተ ጊዜ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ዘይት ነው ያወራነው። አመዱን የምታመጣው ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት ነው፣ በእንጨት ስለሚጋግሩ በነፃ ይሰጧታል። ሳሙና ርካሽ በነበረበት ጊዜም አታምነውም ነበር፣ አረፋው ሰው ለማታለል የተሠራ ነው ትላለች። ዋጋው በአንድ ዓመት ሁለት እጥፍ ሲሆን እንደ ክርክር አሸናፊ ነው የኮራችው። የጠቆረ ብረት አይታ ማለፍ አትችልም። የበሩን እጀታ ትፈትጋለች፣ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ትፈትጋለች፣ አንድ ጊዜ የወንድሜን የመኪና ቁልፍ ፈትጋ ምልክቱን ስላጠፋችው፣ የትኛው ቁልፍ መክፈቻ የትኛው መቆለፊያ እንደሆነ እስካሁን በግምት ነው የሚጫነው።

ያንገበገበኝ ውሸት መሆኑ ብቻ አልነበረም። ወንፊቱን የቆረጥኩት እኔ፣ ያጋልኩት እኔ፣ ጋዙን ለክቼ የለቀቅኩት እኔ፣ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ያደረገው ቢኖር ውጤቱ ሲመጣ ክራቫት ማሰር ነው። የስድስት ወር ኮንትራቴ ዓርብ ያልቃል፤ እስካሁን አምስት ጊዜ ታድሷል፣ በታደሰ ቁጥር ወንድሜ ኩላሊቱን የሰጠኝ ያህል ያስታውሰኛል። "ይቺ ግምገማ ትለፍልን እንጂ ቋሚ ትሆኛለሽ፣ ስምሽም ጽሑፉ ላይ ይገባል" ብሎኝ ነበር። ግምገማው ዛሬ ከሰዓት ነው። ቋሚ ካልሆንኩ ደግሞ ዓርብ ማታ ጋዋኔን አስረክቤ፣ ሰኞ ጠዋት በአርባ ዓመቴ ከእናቴ ጋር ድስት መፈተግ እጀምራለሁ።

የተቋሙ ደንብ ዘመድ በዘመዱ ሥር እንዳይሠራ ይከለክላል። እኔና እሱ የአንድ እናት የሁለት አባት ልጆች ስለሆንን የአባት ስማችን አይገናኝም፣ ሚስጥሩም በዚያ ተሸፍኖ ቀረ። ፈተናውን ከአሥራ አንድ ሰው በልጬ ነው ያለፍኩት፤ ግን እህትነቴ ቢታወቅ ያን የሚያምንልኝ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በመኪናው ይዞኝ ይወጣና ከተቋሙ በር ሁለት ፌርማታ ሲቀረን ያወርደኛል። ዝናብም ቢሆን ያወርደኛል። ማታ እስከዚያው ፌርማታ በእግሬ መጥቼ እጠብቀዋለሁ። ሥራ ቦታ "እርስዎ" ይለኛል፣ እኔም "ዶክተር" እለዋለሁ፤ ቤት ስንገባ "ጋሼ" ይሆናል፣ ካልሲዬ የት አለ ብሎ ይጮኽብኛል። በዚያን ቀን ጠዋትም በመኪናው አብረን ወጣን። ሬዲዮው ስለ መንገድ መጨናነቅ ያወራል፣ እኛም የተጨናነቀው መንገድ ውስጥ ተቀምጠን እንሰማለን። ፌርማታው ጋ ሲደርስ አቆመ፣ "ዛሬ ጓንትሽን እንዳትረሺ" አለኝ። እኔ ጓንት ረስቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ቅጽል ስሜ ራሱ ጓንት ነው።

የምንሠራውን ሥራ እናቴ አንድ ቀን ጠይቃኝ ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው። አየር ውስጥ ናይትሮጂን ሞልቷል፣ ከናይትሮጂንና ከሃይድሮጂን አሞኒያ ይሠራል፣ ከአሞኒያ ማዳበሪያ ይሠራል። ችግሩ ናይትሮጂን ሁለት ሁለት ሆኖ ተቃቅፎ ነው የሚኖረው፣ በቀላሉ አይላቀቅም። የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ ግን ብረቱ ያላቅቀዋል፣ ከሃይድሮጂን ጋር ያጋባዋል፣ ራሱ ብረቱ ግን አያልቅም፣ እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያለውን አገናኝ ካታሊስት ይሉታል። እናቴ ሰምታኝ፣ "ደላላ በይው" አለች። ከዚያ በኋላ የተሻለ ትርጉም አልሰማሁም። ወንድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚፈልገው በትንሽ ሙቀት ብዙ አሞኒያ የሚሰጥ ንጹሕ ብረት ነው። መዳፍ የምታክል የብረት ወንፊት እንጠቀልልና በመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገብተን፣ ምድጃ ውስጥ አግለን፣ ጋዙን እናሳልፍበታለን። ከወዲያ ጫፍ የሚወጣውን አሞኒያ መለኪያው በቁጥር ይነግረናል። ከወንፊት ቁጥር አንድ እስከ ስምንት ያሉት ሁሉ ሦስት ነው የሰጡን፣ ቢበዛ ሦስት ተኩል። የዛሬ ወር ግን ወንፊት ቁጥር ዘጠኝ አሥራ አራት ሰጠ። ወንድሜ በዚያኑ ቀን "የብረት ገጽን የማንጻት አዲስ ዘዴ" የሚል ሃምሳ ገጽ መጻፍ ጀመረ። ዘዴው ምን እንደሆነ ግን እኔም እሱም አናውቅም፣ ምክንያቱም ከስምንቱ የተለየ ምንም አላደረግንም።

ገምጋሚዎቹ የተሠራውን ወንፊት ማየት አልፈለጉም። ዓይናቸው እያየ አዲስ ተሠርቶ እንዲሞከር ነው የጠየቁት። ስለዚህ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥር አሥርን አዘጋጅቼ ለልምምድ ቱቦው ውስጥ አስገባሁ። ሦስት ሰጠ። ወንድሜ መለኪያውን በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ እንደ ቆመ ሰዓት። ቁጥር አሥራ አንድን አስገባን፤ እሱ ደግሞ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። የአየር መምጠጫው ፓምፕ ይጮኻል። ወንድሜ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ እኔን አየ፣ እጄን አየ። "በባዶ እጅ ነክተሽዋል" አለኝ። ሰው በሌለበት "እርስዎ"ን ይተዋታል። ጓንት ያጠለቁ ሁለት እጆቼን አንስቼ አሳየሁት። "እንግዲያው በሐሳብሽ ነክተሽዋል" አለና በሩን ወርውሮት ወጣ። የሳይንስ ሰው ነው ይባላል።

ብቻዬን ስቀር ደብተሬን አወጣሁ። እኔ ሁሉንም ነገር እጽፋለሁ፤ ማን በር እንደከፈተ፣ መቼ መብራት እንደጠፋ፣ ሳይቀር። ወንፊት ቁጥር ዘጠኝ ያለበትን ገጽ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሐሙስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋለ፣ ጠቆረ። ዓርብ፣ ዶክተሩ ለወሩ ሪፖርት ፎቶ ሊያነሱት ወደ ቤት ወሰዱት፣ የላቦራቶሪው ብርሃን አይሆንም ብለው። ሰኞ ተመለሰ። ማክሰኞ ጋዝ ተለቀቀበት፣ አሥራ አራት። ከ"ተመለሰ" ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል "አብረቅርቆ" ብዬ ጽፌያለሁ። ትዝ አለኝ፣ ያን ጊዜ ጠይቄው "ከእኔ እጅ የሚወጣ ነገር እንዲህ ነው" ነበር ያለኝ። ዓርብ ማታ ቤት የገባ ጥቁር ብረት፣ ሰኞ ጠዋት እያብረቀረቀ ወጥቷል። ስልኬን አንስቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማ፣ የዛሬ ወር አካባቢ ከጋሼ ቦርሳ ውስጥ የነካሽው ነገር አለ?"

"የሰው ቦርሳ ነክቼ አላውቅም" አለች። ቀጥላም፣ "ያቺን የሻይ ማጥለያ ነው የምትይኝ?" አለች።

"የምን የሻይ ማጥለያ?"

"እጀታ የሌላት። ጥላሸት መስላ በፌስታል ጠቅልሏት አየሁና አፈርኩ። የተማረ ሰው እንዲህ ባለ ማጥለያ ሻይ ይጠጣል እንዴ ብዬ በአመድ ፈተግኩለት፣ አለቅልቄ መለስኩለት። ምነው፣ ዛገች?"

አልዛገችም አልኳት። ምን ያህል አመድ እንዳደረገች ስጠይቃት እንደ ሞኝ ቆጠረችኝ። ቁንጥር ነዋ አለችኝ፣ ሲበዛ እንደሚለጠፍና ሌላ ሥራ እንደሚሆን በዚህ ዕድሜዬ አለማወቄ ገርሟት። ስልኩን ዘግቼ ሳቄ መጣ። የእንጨት አመድ ፖታሲየም አለበት። ከወንፊት ዘጠኝ ጥግ ላይ፣ ከተመለሰ በኋላ ለቱቦው እንዲመች ቆርጬ በፖስታ ያስቀመጥኳት ቁራጭ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች፤ በሁለት ጠብታ አሲድ አጠብኳትና በእጣቢው ቀጭን ሽቦ ነክሬ እሳት ላይ ያዝኩት። ነበልባሉ ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው የጨው ነው፣ ሁሉም ቦታ አለ። በሰማያዊ መስታወት ቢጫውን ከልዬ ሳየው ግን ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነበር፣ የፖታሲየም ቀለም። የቁጥር አሥርን ጥግ ቆርጬ እንደዚያው ሞከርኩት፤ ሐምራዊ የሚባል የለም። ስለዚህ ንጹሕ ብረት ብለን ሃምሳ ገጽ የጻፍንበት ወንፊት፣ ከላቦራቶሪያችን ዕቃ ሁሉ አንደኛ ያልጸዳው ነበር። ፖታሲየሟ ከኦክስጂን ጋር ተጣምራ በብረቱ ገጽ ላይ ተበትና ተቀምጣለች፣ በኤሌክትሮን በኩል እጇ ለጋስ ነው፣ ለብረቱ ትሰጣለች፣ ብረቱ ደግሞ ለናይትሮጂኑ ያቀብላል፣ ያን ጊዜ ተቃቅፈው የኖሩት ሁለቱ መላላት ይጀምራሉ። ይህ በመጻሕፍት ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ አዲስ አይደለም። ወንድሜም ተምሮታል፣ አስተምሮታልም። እናቱ ቤት ውስጥ ይደረጋል ብሎ ግን አላሰበም።

ቢሮው ገብቼ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ሰማያዊውን መስታወት ዓይኑ ላይ ደግኜ ነበልባሉን ሳሳየው ሳቁ ቆመና ፊቱ ራሱ አመድ መሰለ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ "አመድ" አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና "አመድ" አለ። እኔ እንግዲህ ለገምጋሚዎቹ እውነቱን ይነግራቸዋል፣ እንዲያውም ይህ ራሱ መልካም ግኝት ነው፣ ንጹሕ ብረት ፍለጋ ይቅርና በርካሽ አመድ እንሥራ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ብድግ ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። "ይህን ነገር ማንም እንዳይሰማ" አለኝ። በምሳ ሰዓት እቤት ደርሶ ተመለሰ፤ ብብቱ ሥር የእናታችንን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሸጉጧል። እናቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ "ለምንህ ነው?" ብትለው "ለምርምር" ብሏት ነው የወጣው፣ እሷም የመረቃችው ተሳልቆብኝ ይሆናል እያለች ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በሕይወቴ አልረሳውም። የሻይ ሲኒውን እንኳ አለቅልቆ የማያውቅ ሰው፣ ሚስቱ ጥላው የሄደችበት አንዱ ምክንያት ይኸው የሆነ ሰው፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ከቆርቆሮው አንድ ሙሉ እፍኝ ዘግኖ፣ በውሃ ለውሶ ወንፊት ቁጥር አሥራ ሁለትን መፈተግ ጀመረ። ልብ ብሎ ነው የሚፈትገው፣ ምላሱን ከንፈሩ ዳር አውጥቶ። አለቅልቀው ብዬው እምቢ አለ፣ ይታጠብብኛል ብሎ። "ጋሼ፣ ጥቂት ነው የሚበቃው። ሲበዛ የብረቱን ፊት ይሸፍነዋል፣ ናይትሮጂኑ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል" አልኩት። ሳላስበው በሥራ ቦታ ጋሼ ብዬዋለሁ፣ እሱም አልሰማኝም። "በቁንጥር አሥራ አራት ከሰጠ፣ በእፍኝ ስንት ይሰጣል? አስልተሽ አታውቂም?" አለኝ። "አንቺ ዕቃሽን እጠቢ።" በአንድ ቀን ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን እንዳልሰማ ውጬው ነበር፣ ይኼኛውን ግን አልዋጥኩትም።

እሱ ክራቫቱን ሊያስር ቢሮው ሲገባ፣ እኔ ዕቃዬን አጠብኩ። ከቆርቆሮው ቁንጥር አመድ ወሰድኩ፣ በልኬት ሚዛኑ ላይ መዘንኩት፣ መጻሕፍቱ ይበቃል ከሚሉት ጋር ሳስተያየው የእናቴ ሁለት ጣት ብዙም እንደማይሳሳት አየሁ። በሙቅ ንጹሕ ውሃ በጥብጬ በማጣሪያ ወረቀት አጠለልኩት፤ የወረደው ውሃ ጥርት ያለ ነው፣ ነገር ግን ጣት ላይ ያሟልጫል። አቅጥኜ ወንፊት ቁጥር አሥራ ሦስትን ነከርኩበት፣ አደረቅኩት፣ በደብተሬ ክብደቱን ጻፍኩ። ምድጃችን ሁለት ቱቦ ያስገባል፣ ግራና ቀኝ። በግራ የዶክተሩ ወንፊት ተቀምጧል፣ አመዱ ዳርዳሩን ነጭ ሆኖ ተጋግሮበታል። እኔ የእኔን በቀኙ አስገባሁና ሁለቱንም አጋልኳቸው። ለምን እንዳደረግኩት ቢጠይቀኝ ለመጠባበቂያ ነው ልለው አስቤ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእልህ ነው።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ማስታወሻ መጻፊያ ወረቀት ይዘው ከኋላ የሚከተሉ ናቸው፣ ወሳኟ ሰብሳቢዋ ናት፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ዕድሜዋን በማዳበሪያ ፋብሪካ ያሳለፈች ሴትዮ። የመጣላትን ውሃ አልጠጣችም፣ በተዘጋጀላት ወንበር አልተቀመጠችም። ወንድሜ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ስለ ንጽሕና ነው የተናገረው፣ ስለ ንጹሕ ብረት ገጽ፣ ስለ ባዕድ ነገር ጠላትነት። ጥፍሩ ውስጥ አመድ አለ። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ አንድ ጊዜ ጣቶቹን አየቻቸው። ከዚያ "እስቲ ይጀምር" አለች። ጋዙን በግራው ቱቦ ለቀቅኩ። ሁላችንም መለኪያው ላይ አፈጠጥን። ዜሮ ነጥብ ሁለት አለ። ዜሮ ነጥብ አራት ደርሶ እዚያው ቆመ። ምንም ያልተነካ ተራ ወንፊት ሦስት ይሰጣል። ወንድሜ የክራቫቱን ቋጠሮ ነካ ነካ አደረገ።

"ምን ሆነ?" አለች ሰብሳቢዋ።

"የዕቃ ንጽሕና ችግር ይመስለኛል" አለ ወንድሜ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ዕቃውን የምታጥበው ረዳቴ ናት።"

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። "ይህን ወንፊት ያጠብሽው አንቺ ነሽ?" ዝም ማለት እችል ነበር። አዎ ብል ጥፋቱ የኔ ይሆናል፣ ወንድሜ ሌላ ቀን ይለምናል፣ ምናልባት ዓርብ ላይ ኮንትራቴን በውለታ ያድስልኛል፣ ሰባተኛውን ስድስት ወር እንደ ስድስተኛው እኖራለሁ። ወንድሜ አላየኝም። መሬት ነው የሚያየው። በልጅነታችን ብርጭቆ ሲሰብር እንዲሁ መሬት ያይ ነበር፣ የምገረፈው እኔ ነበርኩ። "አይደለሁም" አልኩ። "ይህን ያጠቡት ዶክተሩ ናቸው። እኔ ያጠብኩት በቀኝ ያለውን ነው።"

"ክፈቺዋ" አለች።

ጋዙን ወደ ቀኙ አዞርኩት። ቁጥሩ መጀመሪያ አልተነሳም። ከዚያ ሦስት አለ። አምስት። ዘጠኝ። አሥራ ሦስት ላይ ሲደርስ ከኋላ ካሉት አንደኛው ወረቀቱን ጥሎ ቀረበ። አሥራ ስድስት ላይ ቆመ። ምን እንዳደረግኩበት ጠየቀችኝ፣ "አመድ" አልኩና ቆርቆሮውን ከመታጠቢያው ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን የጣለው ሰው ሳቀ፣ ሰብሳቢዋ አለመሳቋን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። ስለ ቁንጥሩ፣ ስለ እፍኙ፣ ስለ ሐምራዊው ነበልባል በደብተሬ እያሳየሁ ነገርኳት። ዳቦ ቤት ሳይቀር ነገርኳት። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠችኝ፣ የመዘንኩትን ቁጥር እንድደግምላት።

"መጀመሪያ ያገኘው ማነው?"

"እናቴ ናት።"

"ሙያቸው ምንድን ነው?"

"ዕቃ አጣቢ ናት" አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ቃል ነው፣ ሳወጣው ቀለለኝ። ወንድሜ ቀና አለ።

ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም። መነጽሯን አውልቃ፣ "ወንፊት ዘጠኝን ዶክተሩ ፎቶ ሊያነሱት ወደ ቤታቸው ወሰዱት የሚል ነው ደብተርሽ ላይ ያለው" አለች። "ታዲያ ያንቺ እናት ወጥ ቤት እንዴት ገባ?" ይህን አላሰብኩበትም። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉን አስልቼ ይህን አላሰብኩትም። እውነቱን ብናገር ደንቡ እኔን ነው የሚያወጣኝ፣ ኮንትራት ያለኝ እኔ ነኝ፤ ብዋሽ ደግሞ ደብተሬ ውሸት ይሆናል፣ ከዚያ ደብተር በቀር በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምለው ነገር የለኝም። ፓምፑ ይጮኻል። ወንድሜ የክራቫቱን ቋጠሮ ፈታ፣ ሙሉ በሙሉ ፈትቶ በእጁ ያዘው።

"እናታችን ናት" አለ።

ሦስቱም እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና እሱን አዩ። አፍንጫችን አንድ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ማንም እንዳላየው ለኔም ይገርመኛል። ወንድሜ ቀጠለ፣ ድምፁ እንደ መታጠቢያ ቤቱ አልነበረም። ፈተናውን በራሷ ነው ያለፈችው አለ፣ እኔ አይደለሁም ያሳለፍኳት አለ፣ ወንፊቶቹን ሁሉ የሠራችው እሷ ናት አለ። ሰብሳቢዋ ደብተሬን ከድና መለሰችልኝ። ጽሑፉ እንደሚመለስና እንደገና እንደሚጻፍ ነገረችው። "ደንቡን ታውቁታላችሁ" አለች። "ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከዚህ ክፍል ትወጣላችሁ።" ግራውን ቱቦ አየች፣ ቀኙን ቱቦ አየች። "የትኛችሁ እንደሆነ ለመወሰን ግን ረጅም ስብሰባ አያስፈልገኝም። ዶክተር፣ እርስዎ ማስተማሩ ላይ ጥሩ ነዎት ይባላል።" ለእኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ቢሮዋ እንድመጣ ነገረችኝ። አመዱን በፕላስቲክ አሸጉት፣ ወረቀት ለጠፉበት፣ ይዘውት ሄዱ።

ማታ ወደ ፌርማታዬ በእግሬ ልሄድ ስል መኪናው ዋናው በር ላይ ቆሟል፣ የፊተኛው በር ከውስጥ ተከፍቷል። ጥበቃው እኔንም መኪናውንም አየ። "ጓንት፣ ዛሬ ተሽከርካሪ ተመደበልሽ እንዴ?" አለኝ። "ወንድሜ ነው" አልኩት፣ ገባሁ። ሬዲዮው ጠፍቷል። አንደኛውን ፌርማታ አለፍነው፣ ሁለተኛው ጋ ስንደርስ ከልማድ ቦርሳዬን ያዝኩ፣ እሱም ከልማድ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ከዚያ ሁለታችንም ምንም እንዳልሆነ ቀጠልን።

"ጠዋት ሰምተሻል?" አለኝ ትልቁን አደባባይ ካለፍን በኋላ።

"ግድግዳው ስንጥቅ አለው" አልኩት።

ይቅርታ አላለኝም፣ በቤታችን ያን ቃል የሚያውቀው የለም። በሩን ስንከፍት እናታችን ወጥ ቤት ቆማ ነበር፣ ከፊቷ ምሳ ላይ የጠቆረ ድስት። "አመዴስ?" አለች። ወንድሜ የሆነውን ሁሉ ነገራት፣ ምንም ሳይደብቅ፣ እንደ ተማሪ ቆሞ። ሰማችው። ከማስተማሩ፣ ከደንቡ፣ ከአሥራ ስድስቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የያዘችው።

"አንተ ስንት ነው ያደረግክበት?"

"እፍኝ።"

"እፍኝ" አለች እናቴ። ቃሉን በቀስታ ነው ያለችው፣ ልጇን በዚህ ዕድሜው እንዳዲስ እያየችው። ከመደርደሪያው ሥር ሁለተኛ ቆርቆሮ አወጣች፣ ሁልጊዜ ትርፍ አላት። ድስቱንም ቆርቆሮውንም እጁ ላይ አስቀመጠችለትና እኔን በዓይኗ ወንበሩን አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ወንድሜ እጅጌውን ጠቅልሎ ጣቶቹን ቆርቆሮው ውስጥ ሰደደ፣ ሞልቶ ዘገነ።

"ቀንስ" አለችው።

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፣ እኔም በሁለት ጣቴ አሳየሁት። ቀነሰ።